ደረሰኝ የሚቆርጡ ሌቦች አገር፦ የዲስክወርልድ ልብ ወለዶች ግምገማ

እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቼት «ዲስክወርልድ» በሚል የወል ስም የጻፋቸው 41 ልብ ወለዶች እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2015 ድረስ የታተሙ ሲሆን፣ ሁሉም የሚፈጸሙት በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። አስማተኛ፣ ዘንዶና ድንክ ስላለባቸው ብቻ የልጆች ተረት አድርጎ የሚያልፋቸው አንባቢ ጥቂት አይደለም፤ ሳቅ ስለ በዛባቸው ደግሞ ቁም ነገር አይገኝባቸውም ብሎ የሚተዋቸው አለ። ሁለቱም ትልቅ ደስታ የሚያመልጣቸው ይመስለኛል። በእኔ አስተያየት የመጻሕፍቱ ጣዕም ያለው ደራሲው አንድ ከንቱ የሚመስል ሐሳብ አንሥቶ፣ ያንኑ ሐሳብ እንደ ሕግ አክብሮ፣ ከእርሱ የሚከተለውን ጣጣ ሁሉ ሳይታክት እስከ መጨረሻው በመከታተሉ ላይ ነው። ሌላ ቀልደኛ ተናግሮና አሥቆ በሚያልፍበት ቦታ ፕራቼት ይቆማል፤ ነገሩ እውነት ቢሆን ወጪውን ማን እንደሚሸፍነው፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ በማግሥቱ ጠዋት ፍርስራሹን ማን እንደሚጠርገው ማወቅ ይፈልጋል። አንባቢው ሥቆ ሲጨርስ ስለ ፍትሕ ሲያስብ ራሱን የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓለሙ እንደ ምጣድ ክብና ጠፍጣፋ ነው። በአራት ዝሆኖች ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ዝሆኖቹ ደግሞ በሕዋ ውስጥ ቀስ ብላ በምትዋኝ አቱዊን በምትባል ግዙፍ ኤሊ ጀርባ ላይ ቆመዋል። ስለ ብሔሞትና ስለ ሌዋታን ሲተረክ እየሰማ ያደገ የአገራችን አንባቢ በፍጥረቶቹ ግዙፍነት ብዙ ላይደነቅ ይችላል። የሚያስቀው ሌላ ነው፦ የዚያ ዓለም ሊቃውንት የኤሊዋን ጾታ በእርግጠኝነት ስለማያውቁ በጉዳዩ ይከራከራሉ፣ መረጃ የሚያመጣላቸውን ሰው ከዓለሙ ጠርዝ ቁልቁል ለማውረድም መሣሪያ ይሠራሉ። ኤሊዋ ከሌላ ኤሊ ጋር ልትገናኝ የምትሄድ ከሆነ በጀርባዋ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ምን ይውጠዋል የሚለው ጥያቄ ለእነርሱ የሕልውና ጉዳይ ነውና ክርክራቸው የሥራ ፈት ክርክር አይደለም።

ከከተሞቹ ሁሉ ትልቁ አንክ-ሞርፖርክ ይባላል። መሐሉን የሚያቋርጠው ወንዝ ከውፍረቱ የተነሣ በላዩ መራመድ ይቻላል የሚባልለት ነው፤ ገዢው ደግሞ ሎርድ ቬቲናሪ የሚባል፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ሁሉን የሚያስፈራ ቀጭን ሰው ነው። ቬቲናሪ ወንጀል ከከተማው ፈጽሞ እንደማይጠፋ ካመነ በኋላ፣ መኖሩ ካልቀረ በሥርዓት ይኑር ብሎ ለሌቦች ሕጋዊ ማኅበር ያቋቁምላቸዋል። ማኅበሩ በየዓመቱ የሚፈጽመው የስርቆት መጠን ተወስኖ ይሰጠዋል፤ በምላሹም ያለ ፈቃድ የሚሰርቀውን ሰው ራሱ አድኖ ይቀጣል። የተዘረፈ ሰው ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ደረሰኝ ሲጠየቅ ማሽኑ ተበላሽቷል እያለ ፊቱን የሚያዞር ነጋዴ ለለመድን ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ሕግ አክባሪ ሌባ ሲገጥመን የምንሥቀው ሳቅ ትንሽ መረር ይላል። የነፍሰ ገዳዮችና የለማኞች ማኅበራትም አሉ፤ እያንዳንዳቸው መሪ፣ ደንብና ክብር አላቸው። ይህ ሁሉ በአንድ አንቀጽ ተነግሮ ቢያልቅ ጥሩ ቀልድ ሆኖ በቀረ ነበር። ፕራቼት ግን አላለቀም ይላል፦ ሌባን የሚይዘው የሌቦች ማኅበር ከሆነ ፖሊስ ምን ሊሠራ ነው?

«ጋርድስ! ጋርድስ!» የተባለው የ1989 መጽሐፍ ከዚህ ጥያቄ ይነሣል። ዲስክወርልድን መጀመር የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት የምሰጠው መጽሐፍ ይህ ነው። መታሰቢያነቱ ለጀግና ወይም ለንጉሥ አይደለም፤ በእንዲህ ያሉ ታሪኮች ውስጥ ሁልጊዜ ወደ ክፍሉ ሮጠው ገብተው፣ ተራ በተራ ጀግናውን ገጥመው፣ ተራ በተራ ለሚሞቱት ዘበኞች ነው፤ መሞት ይፈልጉ እንደሆነ አንድም ሰው ጠይቋቸው አያውቅም። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ሌሊት የሚያውቅ፣ በዚያ ውርጭ ካፖርቱን ደርቦ ዱላውን ታቅፎ በር ላይ የሚያድረውን ዘበኛ በየማለዳው ሰላም ብሎ የሚያልፍ አንባቢ፣ ይህን ገጽ ሲያነብ የቀልዱ ፊት መለወጡን ወዲያው ያስተውላል። የመጽሐፉ ዋና ሰው ካፒቴን ሳም ቫይምስ ነው፦ ጠጪ፣ ተስፋ የቆረጠ፣ ከጥቂት የማይረቡ ሰዎች በቀር የሚያዘው ኃይል የሌለው የሌሊት ጥበቃ አለቃ። ወደ እርሱ ዘንድ ካሮት የሚባል ወጣት ይመጣል። ካሮት በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ድንኮች ያሳደጉት ግዙፍ ልጅ ሲሆን፣ ቁመቱ ከማንም በላይ ቢሆንም ራሱን ድንክ ነኝ ብሎ ያምናል። የከተማውን የቆየ የሕግ መጽሐፍ በቃሉ አጥንቶ መጥቷል፤ ሕጉ ወረቀት ላይ ብቻ እንደሚኖር የነገረው ሰው ስለሌለም መስረቅ ክልክል ነው የሚለውን አንቀጽ ይዞ ሄዶ የሌቦችን ማኅበር ሊቀ መንበር ያስረዋል።

ያ ትዕይንት ያሥቃል፤ ሳቁ ግን በካሮት የዋህነት ላይ ብቻ የሚያርፍ አይደለም። ሕግን እንደ ተጻፈ የሚያነብ አንድ ሰው ሲመጣ ከተማው በሙሉ በስንት የዝምታ ስምምነት ላይ ቆሞ እንደነበረ ይገለጣል፤ ይህን ለማሳየት አንድ የምክር ቃል ሳይጽፍ መዋሉ የደራሲውን ብልኃት ያሳያል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሦስት ዘበኞች በአንድ ቀስት ዘንዶ ለመግደል ጣራ ላይ ወጥተው የሚያደርጉት ምክክር አለ። በተረት ሁሉ ከሚሊዮን አንድ የሆነ ዕድል ምንጊዜም ስለሚሳካ፣ የእነርሱ ዕድል ልክ ከሚሊዮን አንድ ከሆነ ዘንዶው አለቀለት። ችግሩ ዕድላቸው ከዚያ የተሻለ ሊሆን መቻሉ ነው፤ ከሺህ አንድ የሆነ ዕድል በተረት ሲሳካ ማን ሰምቶ ያውቃል? ስለዚህ ተኳሹ በአንድ እግሩ ይቆማል፣ ፊቱን ጥላሸት ይቀባል፣ ነገሩን በማክፋት ስሌቱን ለማስተካከል ይደክማሉ። ውጤቱን አልናገርም። እኔ ግን ይህን ክፍል በሌሊት ሳነብ የቤቱን ሰው ላለመቀስቀስ ባናውን አፌ ውስጥ መጎሰር ነበረብኝ።

ቫይምስ በሚቀጥሉት መጻሕፍት እያደገ ይሄዳል። በ1993 በወጣው «መን አት አርምስ» ውስጥ ስለ ጫማ የሚያስበው ሐሳብ ከልብ ወለዱ ወጥቶ የኢኮኖሚ ክርክር ውስጥ የገባ ነው። ቫይምስ በወር የሚያገኘው 38 ዶላር ነው። ጥሩ የቆዳ ቡትስ 50 ዶላር ያወጣል፤ እርሱ የሚችለው ግን የ10 ዶላሩን ነው፤ ያ ደግሞ አንድ ሁለት ወቅት ካገለገለ በኋላ ውኃ ያስገባል። ባለ ገንዘቡ በገዛው አንድ ጫማ ከዐሥር ዓመት በኋላም እግሩ ደረቅ ሲሆን፣ ድሃው በዚያው ጊዜ ውስጥ ለርካሽ ጫማ 100 ዶላር ከፍሎ አሁንም እግሩ እርጥብ ነው። ድህነት ውድ ነው የሚለውን ነገር ከዚህ ባነሰ ቃል ሲነገር አላየሁም። የክረምቱን ጭቃ በኮንጎ ጫማ ወይም በበረባሶ ያሳለፈ የሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ሐሳብ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ2022 በብሪታንያ የርካሽ ሸቀጦችን ዋጋ መናር ለመከታተል የታሰበ መለኪያ በቫይምስ ቡትስ ስም ሲሰየም የደራሲው ወራሾች ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን «ሪፐር ማን» የተባለውን የ1991 መጽሐፍ ነው፤ ለዚህም ምክንያቱ የምኖርበት አገር ሳይሆን አይቀርም። በዲስክወርልድ ሞት ራሱ ገጸ ባሕርይ ነው። አጥንቱ የቀረ፣ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ማጭድ የያዘ፣ ንግግሩ ሁሉ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚታተምለት ፍጡር ነው፤ ቢንኪ የሚባል ነጭ ፈረስ አለው፣ ድመት ይወዳል፣ ሰዎችንም ሊረዳቸው ባይችልም በጣም ይገርሙታል። ክፉ አይደለም፣ ደግም አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የዓለሙን ሥርዓት የሚቆጣጠሩ አካላት ሞት የራሱ ባሕርይ እያበጀ መጥቷልና ከሥራው ይሰናበት ብለው ይወስናሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ የሆነ፣ የሚያልቅ ጊዜ ይሰጠዋል። ያንን ጊዜ ይዞ ወደ ገጠር ይወርድና ቢል ዶር በሚል ስም በአንዲት ሚስ ፍሊትወርዝ በሚባሉ አሮጊት እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ይቀጠራል።

የአጨዳው ክፍል ከዚህ ይጀምራል። ቢል ዶር በሙያው ማጨድ ያውቃል፤ ግን እንደ ልማዱ የሚያጭደው አንድ በአንድ ነው። እያንዳንዷን ዘለላ ለየብቻዋ ይቆርጣል፤ እንዲያም ሆኖ ከማንም ሰው ይፈጥናል። የእርሱ ማጭድ ቆመው የሚያወዛውዙት ረጅም እጀታ ያለው መሣሪያ እንጂ ወገባችንን አጉብጠን፣ በግራ እጃችን ጭብጥ ይዘን የምንቆርጥበት የእኛ አጭር ማጭድ አይደለም። ቢሆንም በኅዳርና በታኅሣሥ ገብስ ሲታጨድ ለተመለከተ ሰው የክፍሉ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ይታየዋል፦ ላቡ፣ ነዶው፣ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ክምሩን ለማድረስ የሚደረገው ጥድፊያ። ታሪኩን ከከተማው ወጣ ብለው ለሚያርሱት አጎቴ በአማርኛ ተርኬላቸው ነበር። ሞት አጫጅ ሆኖ መቀጠሩ ብዙም አላስገረማቸውም። አንድ በአንድ ያጭዳል የሚለው ጋ ስደርስ ግን አቋርጠውኝ፣ «ታዲያ ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ለደቦ ማን ይጠራዋል?» አሉ። ፕራቼት ቢሰማቸው በግርጌ ማስታወሻ ያስገባቸው እንደነበር አልጠራጠርም።

በመጽሐፉ ውስጥ የመንደሩ አንጥረኛ የማጨጃ ማሽን ይሠራል፤ እኛ ኮምባይነር የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። ማሽኑ እያንዳንዷን ዘለላ አያውቃትም። በአንድ በኩል ማሳ ያስገባል፣ በሌላ በኩል እህል ያወጣል። ሞትም በእርሱ ቦታ ሊተካ የሚመጣው አዲሱ ሞት እንደዚህ ያለ እንደሚሆን ይገባዋል፤ የሚሞተውን ሰው አንድ በአንድ የማያየው፣ ዘውድ የደፋ፣ መፈራትን የሚወድ ሞት። ለፍልሚያው ማጭዱን የሚስልበት ክፍል በሳቅ ተጀምሮ ሳቁ መቼ እንዳቆመ ሳይታወቅ ያልቃል፦ በድንጋይ፣ በብረት፣ ከዚያ በሐር ጨርቅ፣ በሸረሪት ድር፣ በመጨረሻም በንጋት ብርሃን ይስለዋል። የቀልድ መጽሐፍ አንባቢውን ወደዚህ ሊያመጣው ይችላል ብሎ አስቀድሞ የሚጠብቅ አይኖርም። ከዚሁ ጎን ለጎን የሚሄደው የአስማተኞቹ ታሪክ ግን፣ የሱፐርማርኬት መግፊያ ጋሪዎች ነፍስ ዘርተው ትልቅ የገበያ አዳራሽ ስለሚሆኑበት ነገር የሚተርከው ክፍል፣ ለእኔ ቀዝቃዛ ነው። ቅዳሜ ገበያ ለለመደ ሰው ቀልዱ ከሩቅ አገር የመጣ ይሆንበታል፤ እውነቱን ለመናገር ለእንግሊዙም ቢሆን ከዋናው ታሪክ ጋር የተጋባ አይመስለኝም።

ስለ ጠንቋዮቹ መጻሕፍት አንድ ነገር አስቀድሞ መናገር ይገባል። በእኛ አካባቢ ጥንቆላ የሚለው ቃል ቀላል ቃል አይደለም፤ ሽፋኑ ላይ ባለ ሹል ባርኔጣ ሴት ያለችበት መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ሲገኝ ቤተሰብ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ግራኒ ዌዘርዋክስ (ገጸ ባሕርይ ቢሆኑም አንቺ ለማለት አልደፍርም) የሚኖሩት ላንከር በሚባል ቀዝቃዛ ተራራማ አገር ሲሆን፣ የሚውሉት በማዋለድ፣ በሽተኛ በመጠየቅና የመንደርተኛውን ጥል በማስታረቅ ነው። አስማት የሚጠቀሙት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው፤ በአብዛኛው የሚሠሩት የሰውን ልብ በማወቃቸው ነው። በ1998 በታተመው «ካርፔ ጁጉለም» ውስጥ ከአንድ ወጣት ቄስ ጋር ሲከራከሩ፣ ኃጢአት የሚጀምረው ሰውን እንደ ዕቃ ከመቁጠር ነው የሚል አቋም ይይዛሉ። የንስሐ አባቴ በዚህ የሚከራከሩ አይመስለኝም። ጓደኛቸው ናኒ ኦግ ደግሞ የልጅና የልጅ ልጅ መዓት ያላቸው፣ ኃይለኛ መጠጥ የሚወዱ፣ አፋቸው ሐፍረት የማያውቅ ሴትዮ ናቸው፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ማንበብ ከአረቄ ይልቅ ያሞቃል።

ሃይማኖትን በቀጥታ የሚመለከተው «ስሞል ጎድስ» ነው፤ በ1992 የታተመና ለብቻው ሊነበብ የሚችል። ኦም የሚባል ታላቅ አምላክ በግርማ ልገለጥ ብሎ ሲወርድ በአንዲት ትንሽ ኤሊ አካል ውስጥ ራሱን ያገኘዋል፤ ምክንያቱም በዚያ ዓለም የአማልክት ኃይል የሚመጣው ከአማኞቻቸው ሲሆን፣ ኦም ሚሊዮን ተከታይ ያለው ቢመስልም ከልቡ የሚያምንበት አንድ ብሩታ የሚባል ደቀ መዝሙር ብቻ ነው የቀረው። ሌላው የሚያምነው በመርማሪዎቹና በእስር ቤታቸው ነው። ብሩታ ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ ነገር ግን ያየውንና የሰማውን አንዲት ነገር አይረሳም። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚወጣ የቆሎ ተማሪ ያየ ሰው ብሩታን እንደ ተአምር ሳይሆን እንደ ጎረቤት ይቀበለዋል። መጽሐፉ በእምነት ላይ የሚሳለቅ መስሎት የሚሸሸው አንባቢ ቢታገሥ፣ ስለ ቅን እምነት ይህን ያህል በአክብሮት የተጻፈ ሳቂታ ልብ ወለድ በቀላሉ እንደማይገኝ ያያል፤ ዱላው የሚያርፈው በእምነት ስም በሚገዙት ላይ ነው።

ለወጣቶች የሚሻለው በ2003 የወጣው «ዊ ፍሪ ሜን» ነው። ቲፋኒ ኤኪንግ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ያደገችው በበግ እረኞች አገር፣ አያቷም በአካባቢው የተከበሩ እረኛ ነበሩ፤ የእርሳቸው ትዝታ ከበግ፣ ከተርፐንታይንና ከትምባሆ ሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ከወንዝ ውስጥ አውሬ ሲወጣባት ቲፋኒ አትጮህም፤ ቤት ሄዳ መጥበሻ ታመጣለች፣ ታናሽ ወንድሟን እንደ ማጥመጃ ወንዙ ዳር ታስቀምጣለች፣ አውሬውም ሲመጣ በመጥበሻው ትለዋለች። የመንዝ ልጅ ይህችን ልጅ ወዲያው ያውቃታል፤ በጎቿን ትታ አትሸሽም፣ ብዙም አታወራም። አጋዦቿ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙ፣ ሰማያዊ ቆዳ ያላቸው፣ መጣላት፣ መስረቅና መጠጣት የሚወዱ ፊግሎች ናቸው። ምንም የማይፈሩት እነዚህ ፍጡራን ጠበቃ ሲያዩ ይርበደበዳሉ። ንግግራቸው በስኮትላንድ ቅላጼ የተጻፈ ስለሆነ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብ ልጅ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ ጮክ ብሎ ቢያነበው ግን ግማሹ ይፈታለታል።

«ጎይንግ ፖስታል» (2004) አንድ አጭበርባሪ ከስቅላት ተርፎ የፈራረሰ ፖስታ ቤት እንዲያስተዳድር የሚገደድበት ታሪክ ነው። ደብዳቤ ማለት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ለሆነብን ለእኛ፣ ፖስተኛ በየደጁ እየሄደ የሚያደርስበት ዓለም ራሱ ምናባዊ ይመስላል፤ ያንን ከተቀበልን በኋላ ግን በአገልግሎት ስም ሕዝብን የሚግጥ ኩባንያ ምን እንደሚመስል ለማወቅ እንግዳ አንሆንም።

ጉድለቶቹ ጥቂት አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መጻሕፍት፣ «ከለር ኦፍ ማጂክ» እና «ላይት ፋንታስቲክ»፣ በዘመኑ በነበሩ የአስማትና የዘንዶ ልብ ወለዶች ላይ በመቀለድ የተሞሉ ናቸው፤ እነዚያን ያላነበበ ሰው የሚሣቅበትን ዕቃ ሳያይ ሳቅ ብቻ የሚሰማ ይሆናል። በመቶ በሚቆጠሩ እግሮች እየሮጠ ባለቤቱን የሚከተለው ሣጥን ግን በማንም አገር ያስቃል። ብዙዎቹ መጻሕፍት ምዕራፍ የላቸውም፤ አንዱ ትዕይንት ከሌላው የሚለየው በባዶ መስመር ብቻ ስለሆነ መብራት ሲሄድ የት ላይ ላቁም የሚለው ነገር ችግር ነው፣ ወይም ላለማቆም ጥሩ ምክንያት ነው። የግርጌ ማስታወሻዎቹ ከዋናው ጽሑፍ የሚበልጡበት ጊዜ አለ። በቃላት ድምፅ ላይ የተሠራው ቀልድ ግን ብዙ እንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ በዚህ ረገድ አንድ አራተኛው ያህል ሳይገባኝ እንዳለፈ እገምታለሁ፤ ያም ሆኖ የቀረው ሦስት እጅ ከበቂ በላይ ነው።

የመጨረሻዎቹ መጻሕፍት ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት። ፕራቼት በታኅሣሥ 2007 የአልዛይመር በሽታ እንዳለበት ለሕዝብ አሳወቀ፤ በኋላ መተየብ ሲያቅተው ለረዳቱ እየተናገረና በንግግር መለያ ሶፍትዌር እየታገዘ መጻፉን ቀጠለ። በ2013 በወጣው ስለ ባቡር የሚተርከው «ሬይዚንግ ስቲም» ውስጥ ለውጡ ይታያል፦ ቀድሞ በሦስት ቃል የሚወጋው ቬቲናሪ ንግግሩን ያስረዝማል፣ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በአንድ ድምፅ መናገር ይጀምራሉ። መጋቢት 2015 ካረፈ በኋላ የታተመው «ሸፐርድስ ክራውን» ደግሞ ገና አርትዖት የሚጠብቁ ቦታዎች አሉት፤ አንድ ሞት የሚነገርበት የመጀመሪያው ክፍል ግን በሙሉ ጉልበቱ የጻፈው ይመስላል። ያልተጨረሱ ጽሑፎቹ የነበሩበት የኮምፒዩተር ዲስክ፣ በራሱ ፈቃድ መሠረት፣ በነሐሴ 2017 በእንፋሎት በሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ተጨፍልቋል። እንዲህ ያለ ፍጻሜ ለሌላ ደራሲ ቢሆን ያሳዝን ነበር፤ የእርሱን መጻሕፍት ላነበበ ግን የእርሱ ሥራ መሆኑ ይታወቃል።

መጻሕፍቱን በደብረ ብርሃን መደብሮች ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮችን ማየት ወይም ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ማዘዝ ይሻላል። አሮጌዎቹ እትሞች በጆሽ ከርቢ የተሣሉ፣ ሰውና ፍጡር የተጨናነቀባቸው ደማቅ ሽፋኖች አሏቸው፤ ከርቢ በ2001 ካረፈ በኋላ ሽፋኑን የሠራው ፖል ኪድቢ ነው፣ የእርሱ ቫይምስ በአእምሮዬ ካለው ጋር ይመሳሰላል። በስልክ የሚያዳምጥ ሰው በፔንግዊን የተዘጋጁትን አዳዲስ የድምፅ ቅጂዎች ይሞክር፤ በእነርሱ ውስጥ የግርጌ ማስታወሻዎቹን ተዋናዩ ቢል ናይ፣ የሞትን ንግግር ተዋናዩ ፒተር ሰራፊኖዊች ያነቡታል፣ በገጽ ላይ የሚያደናቅፈውም ማስታወሻ በጆሮ ሲሰማ በልክ ይሆናል። ፋይሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ዋይፋይ ባለበት ማውረድ ይበጃል።

በታተሙበት ቅደም ተከተል ማንበብ ግዴታ አይደለም። የዘበኞቹን ታሪክ የሚመርጥ ከ«ጋርድስ! ጋርድስ!» ተነሥቶ በ«መን አት አርምስ»፣ በ«ፊት ኦፍ ክሌይ» እና በ«ጂንጎ» በኩል ወደ «ናይት ዋች» ይሂድ። ይህ የ2002 መጽሐፍ ከሁሉም ጠንካራውና ጨለማው ነው፤ ቫይምስ ወጣት ወደነበረበት ዘመን ተመልሶ፣ በአብዮት ዋዜማ ላይ ባለች ከተማ ራሱን ወጣቱን ቫይምስን ያሠለጥናል። ሳቁ ያንሳል፤ ሰዎቹን ቀድሞ ላላወቃቸው አንባቢም ጉዳቱ አይሰማውም። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ አስቀድሞ ማዋስ አይገባም፤ የሚዋስ ሰው መጀመሪያ ካሮት የሌቦቹን ሊቀ መንበር ሲያስር አንብቦ ይምጣ።